ርካሽ የአሳማ ጠጉር የጺም ብሩሽ፦ እንዴት ይሟሻል? ሽታውስ እስከ መቼ ነው?

ጀማሪው_ላጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ብሩሹ የጣሊያኑ ኦሜጋ ነው፣ ቁጥሩ 10049፣ አዲስ። ሳሙናው የቱርኩ አርኮ፣ ዱላ መሳዩ። ውሃው የአዲስ አበባ ቧንቧ። ችግሮቹ እነዚህ ናቸው፦

ጠጉሩ ጉንጭ ይወጋል። ሲረጥብ ያልለፋ ቆዳ ይሸታል። አረፋው ብሩሹ ላይ ሞልቶ ይታይና ፊት ላይ ሲደርስ ይጠፋል። በሦስት መላጨት ደግሞ 11 ጠጉር ረግፏል፤ ተቆጥሯል።

የብሩሹ ብልሽት ነው የአያያዝ? ይመለስ ወይስ ይታገሡት?

አረፋ_መቺ

አትመልሰው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ጋግረህበት ቢጣበቅ ምጣዱ ተበላሽቷል አይባልም። የአሳማ ጠጉርም እንደዚያው ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣው ገና ሳያልቅ ነው። ቀሪውን ሥራ የሚጨርሱት ውሃ፣ ሳሙናና መድረቅ ናቸው።

መጀመሪያ ጠጉሩን እንወቀው። አንዱን ነቅለህ ብርሃን ላይ ብታየው ሥሩ ወፍራም ነው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል። ይህ ስንጥቅ ጉድለት እንዳይመስልህ፤ የብሩሹ ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጠጉሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ስንጥቁ ወደ ታች እየወረደ ጫፉ እንደ ጥጥ ይበተናል። ግንዱ ግን እንደጠነከረ ይቆያል። ከሃያ መላጨት በኋላ የምታገኘው ታችው ጠንካራ፣ አናቱ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ ነው። ጠንካራው ሳሙናውን ይፈትጋል፣ ለስላሳው ፊትህን ይነካል። ውድ በሚባሉት ብዙ ብሩሾች ላይ እንኳ ይህ ጥምረት እንዲህ ጎልቶ አይገኝም።

አሁን ወደ ሥራው። «ነዶ» የምለው በሙጫ ታስሮ እጀታው ውስጥ የገባውን የጠጉር እሽግ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ነዶውን ለብ ባለ ውሃ አርጥብና አንድ ጠብታ ሻምፑ መዳፍህ ላይ አድርገህ አሸው። ኮንዲሽነር ያለበት ሻምፑ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቅልቀው። ከዚያ በመላጫ ሳሙናህ ወፍራም አረፋ ምታና አረፋውን ሳታጥብ ብሩሹን አቁመህ አሳድረው። ጠዋት በደንብ ታጥቦ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ሽታው አብዛኛው በዚህ ይሄዳል። ካልሄደ አንድ ጊዜ ድገመው።

ከዚያ ለሰባት ቀን፣ ብትላጭም ባትላጭም፣ በቀን አንድ ጊዜ፦ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ መዳፍህ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አረፋ ምታበት፣ እጠበው፣ አራግፈው፣ አድርቀው። መዳፍ ላይ የምልህ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ ፊትህን ከመወጋት ያድናል። ሁለተኛ ጫፎቹ ምን ያህል እንደለሰለሱ እጅህ ይነግርሃል።

አንዳንዱ «ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ብተወው ቶሎ ይለሰልሳል» ይላል። አይለሰልስም። ጫፉን የሚሰነጥቀው ማበጥና መኮማተሩ ሲፈራረቅ ነው። ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ የቆየ ብሩሽ ያበጠው አንድ ጊዜ፣ የደረቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያተረፈው ነገር የረጠበ ሙጫ ነው።

የቦሌ_መስታወት

ጫፉን በመቀስ እኩል ማድረግስ? የወጡትን ብቻ ማለቴ ነው፣ እነሱ ናቸው የሚወጉት።

አረፋ_መቺ

መቀሱን አስቀምጠው! የተሰነጠቀውን ጫፍ ስትቆርጥ የሚቀርልህ ወፍራሙ ግንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁለተኛ አይሰነጠቅልህም፤ ለዘላለም ይወጋሃል። በብርጭቆ ወረቀት መፈተግም ያው ነው። ከሌሎቹ በብዙ ረዝሞ የወጣ አንድ ጠጉር ካለ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ልቅ ከሆነ ይወጣል፣ ካልወጣ ተወው።

ዴራ_ነዋሪ

ስለ ዝፍዘፋው ልጨምር። የአሳማ ጠጉር ከባጀር የሚለየው ውሃ መጠጣቱ ነው። (ባጀር ለማያውቁ፦ አውሮፓና እስያ ያለ፣ የአገራችን ፋሮ የሚመስል መሬት የሚቆፍር እንስሳ ነው፤ ውድ ብሩሾች ከሱ ይሠራሉ።) የባጀር ጠጉር ቀጭን ስለሆነ ውሃውን በመሃሉ ይይዛል፣ በአንድ ማጥለቅ ዝግጁ ነው። የአሳማ ጠጉር ግን ግንዱ ራሱ መጥገብ አለበት። ጠጉር እስከ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ውሃ ይጠጣል። ሳይጠግብ ሥራ ካስጀመርከው ከአረፋህ ላይ ይጠጣል። ጠያቂው «ፊት ላይ ሲደርስ ይጠፋል» ያለው ይኸው ነው፤ አረፋው አልጠፋም፣ ውሃውን ብሩሹ ወሰደበት።

ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ቢያንስ፣ አዲስ ከሆነ አምስት። ውሃው ከሙጫው አንድ ጣት በታች ይቁም። ሽቅብ ይስበዋል፣ አትስጋ።

ጀማሪው_ላጭ

የውሃው ሙቀት ምን ያህል? በፈላ ውሃ ቶሎ ይለሰልሳል የሚል አይቻለሁ።

አረፋ_መቺ

ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አይለፍ። ለእጅህ የሚያቃጥል ውሃ ለጠጉሩም ለሙጫውም ይበዛል። የፈላ ውሃ ጠጉሩን ያጣምመዋል፣ ሙጫውን ያላላዋል፣ የተቀባ የእንጨት እጀታ ከሆነ ቀለሙን ይልጣል።

ቴርሞሜትር ለሌለው፦ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቧንቧውን 18 ብንለው፣ አንድ ስኒ የፈላ ከሁለት ስኒ የቧንቧ ጋር ሲቀላቀል 42 ገደማ ይሰጣል፤ ዕቃው ራሱ ጥቂት ሲወስድበት 40 ላይ ይቀመጣል። ባሕር ጠረፍ ያላችሁ ውሃችሁ በ100 ስለሚፈላ የቧንቧውን ትንሽ አብዙት።

ዴራ_ነዋሪ

ባሕረ ሰላጤው አካባቢ በሐምሌ ስሌት አያስፈልግም። ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የሚመጣው «ቀዝቃዛ» ውሃ ራሱ ከ40 ያልፋል 😄 እዚህ በበጋ ብሩሹን በማቀዝቀዣ ውሃ ነው የምናለዝበው።

ቬጋስ_ላይ

የውሃ ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ዘልላችኋል፤ ጨዋማነቱ ሳይሆን ክብደቱ። እኛ ጋ ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ነው። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ አረፋ መሆኑ ቀርቶ እንደ ነጭ እርጎ ይረጋል። ያ እርጎ የአሳማ ጠጉር ሥር ገብቶ ይቀመጣል፣ ሲደርቅ ነዶው እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ሰውየው «ብሩሹ አልሟሽ አለ» ብሎ ይጥለዋል።

ምልክቱ፦ ከታጠበ በኋላም ነዶው ሥር ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል፣ አረፋውም ደቂቃ ሳይሞላ ይሟሟል።

መፍትሔው ነጭ ኮምጣጤ ነው። አንድ እጅ ኮምጣጤ በዘጠኝ እጅ ለብ ያለ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ጠጉሩ ብቻ። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቀህ አንድ ጊዜ ሳሙና ምታበት። በሁለት ወር አንዴ ይበቃል። ለአረፋው ደግሞ የተጣራ ውሃ አንድ ስኒ ብቻ ካዘጋጀህ ልዩነቱን ታየዋለህ፤ ለመላጨት ከዚያ በላይ አያስፈልግህም።

አገር ቤትም የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው ይህን ይሞክር። የማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ውሃ ከሆነ ብሩሹም ውስጥ ያበጃል።

ጠያቂው_ከደሴ

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። እኔ ከአሳማ የተሠራውን *ላለመግዛት* ነው የምፈልገው። ገበያ ላይ ያሉት ብሩሾች ከምን እንደተሠሩ አይጽፉም፣ ሻጩም አያውቅም። በምን ይለያል?

ዴራ_ነዋሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይገዛል። ችግሩ ይጽፋሉ ግን በሚሸፍን ቃል ነው የሚጽፉት። በእንግሊዝኛ «ፒዩር ብሪስል» ካለ አሳማ ነው፤ «ብሪስል» ብቻውን ያለ እንስሳ ስም ሲመጣ ባብዛኛው አሳማ ማለት ነው። በጣሊያንኛ «ሴቶላ»፣ በፖርቱጋልኛና በስፓኒሽ «ሴርዳ»፣ በጀርመንኛ «ቦርስተ»። ፈረንሳይኛው የሚያሳስተው ነው፤ «ሷ» ሲል ቃሉ በተለመደው ትርጉሙ ሐር ነውና ሰው ሐር ይመስለዋል፣ ብሩሽ ላይ ግን የአሳማ ጠጉር ነው።

ከላይ ነጭ፣ መሃሉ ጥቁር መስመር ያለው ሆኖ ዋጋው ርካሽ ከሆነ ደግሞ ባጀር እንዲመስል ቀለም የተቀባ አሳማ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጨርቅ አርጥበህ ብታሸው ቀለሙ የሚለቅ አለ።

የእሳቱን ፈተና ሁሉም ሰው ቤቱ ማድረግ ይችላል፦ አንድ ጠጉር ነቅለህ በክብሪት አቃጥል። የተቃጠለ ጸጉር ሸትቶ አመዱ በጣት የሚፈርስ ከሆነ የእንስሳ ነው። ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጠብታ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው። እሳቱ የአሳማና የፈረስን አይለይልህም፤ ለዚያ ጫፉን እይ። የአሳማው ይሰነጠቃል፣ የፈረሱ አንድ ሆኖ ይቀጥናል።

ጓዳ_ሙያ

መብላትና መንካት አንድ አይደለም ብሎ የሚጠቀም አለ፣ አልነካም የሚልም አለ፤ ሁለቱንም ሃይማኖቱን የሚያውቅለት ሰው ይንገረው እንጂ እዚህ ባንገባበት። ለማይፈልግ ሰው ሰው ሠራሹ አለለት። ዛሬ ያለው ሰው ሠራሽ ጠጉር እንደ ድሮው ናይለን አይደለም፤ መሟሸት አይፈልግም፣ መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ በሰዓታት ይደርቃል፣ ሽታ የለውም። ኦሜጋም ራሱ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ለመንገደኛ እኔም የምመክረው እሱን ነው።

አረፋ_መቺ

እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ፦ ጠንካራ ሳሙና ላይ ሰው ሠራሹ ይንሸራተታል። ክሬም ለሚጠቀም ሰው ሠራሽ፣ ጠንካራ ሳሙና ለሚጠቀም አሳማ።

የቦሌ_መስታወት

ፈረስስ? የፈረስ ጭራ እኮ በሽ ነው እዚህ። ሙጫና የተቦረቦረ እንጨት ካለ ሰው ራሱ አይሠራም? ጭራ ለመሥራት ብንችል ብሩሽ ያቅተናል?

የጸጉር_ቤት_ልጅ

አትሞክረው፣ ቀልድ አይደለም። አባ ሰንጋ።

ከ1915 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ብሪታንያና አሜሪካ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ወታደሮች፣ በጺም ብሩሽ ምክንያት አባ ሰንጋ ይዟቸዋል። ያኔ ጦርነቱ የባጀሩን ንግድ ሲያውከው ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ የፈረስ ጠጉር ባጀር ተመስሎ ይሸጥ ነበር፣ በደንብም አልጸዳም። በሽታው በምላጭ የተቧጨረ ፊትና አንገት ላይ ገባ። ብሪታንያ በ1920 የጃፓን የጺም ብሩሽ እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሳለች። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2017 ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ ያረጁ የእንስሳ ጠጉር ብሩሾችን ለሚጠቀሙ ሰዎች አስጠንቅቋል።

እኛ አገር ደግሞ አባ ሰንጋ ታሪክ አይደለም፣ ከብቱ ላይ ዛሬም አለ። የበሽታው ዘር ቅርፊት ለብሶ አፈርና ጠጉር ላይ ብዙ ዓመት ይቆያል። «እቀቅለዋለሁ» ብትል አዲስ አበባ ላይ ያለህ 92 ዲግሪ ነው፤ እሱን ለመግደል ሆስፒታሎች የሚጠቀሙት በግፊት የታመቀ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ነው። ፋብሪካ የጸዳውን ግዛ። ከአያት የተወረሰ ብሩሽ ካለህ መስታወት ውስጥ አስቀምጠው ያምራል፣ ፊትህ ላይ ግን አታድርገው።

የቦሌ_መስታወት

ሃሳቤን አንሥቻለሁ። ጭራዬ ዝንብ ትከላከል።

የጸጉር_ቤት_ልጅ

እዚያው ንጽሕና ላይ እያለን፦ ብሩሽ በረኪና ውስጥ አትንከሩ። ጸጉር ቤት ያሉ ልጆች ዕቃ ሁሉ በረኪና ውስጥ ስለሚከቱ ብሩሹንም ይከቱታል። በረኪና ጠጉር ያሟሟል። ቀን ሳይሞላው ጫፎቹ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ይሰበራሉ። ብሩሽ ደግሞ ከምላጭ ባልተናነሰ ደም ይነካል፤ የእንስሳ ጠጉር ያለውን ብሩሽ ለብዙ ደንበኛ መጠቀም ራሱ ትክክል አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ብሩሽ። ደንበኛው ይዞት ይምጣ።

ጀማሪው_ላጭ

ስለ መርገፉስ? 11 ብዙ አይደለም?

አረፋ_መቺ

ለሦስት መላጨት አይበዛም። ነዶው ሲታሰር ሙጫው ያልደረሳቸው ጠጉሮች ይኖራሉ፤ እነሱ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ይወጣሉ።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የወደቀውን ጠጉር ከብሩሹ ጎን አስቀምጠህ ለካው። ከእጀታው ጠርዝ እስከ ጫፍ ካለው ቁመት እኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ከሆነ ከሙጫው ለቆ የወጣ ነው። በግልጽ ካጠረ የተሰበረ ነው፣ ያ ደግሞ ከእጅህ የመጣ ነው፦ ብሩሹን ከሥሩ እያጠፍክ በክብ ታሽከረክረዋለህ ማለት ነው። እንዲህ ከቀጠለ ነዶው መሃሉ ባዶ ይሆናል፣ እንደ ቦምቦሊኖ።

ከአሥረኛው መላጨት በኋላም በእያንዳንዱ ጊዜ አምስት ስድስት የሚረግፍ ከሆነና ሙሉ ቁመት ያለው ከሆነ፣ ሙጫው መጥፎ ነው። ያኔ መልሰው።

አያያዝህን እንዲህ ሞክር፦ እጀታውን በሦስት ጣት ያዝ፣ ጫፎቹ ብቻ ተበትነው ፊት ላይ ይረፉ። ጠጉሩ ከቁመቱ ግማሽ በላይ መታጠፍ የለበትም። 10049 ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ሲጫኑት ያታልላል፤ እጅህ ሳያውቅ ከሥሩ ያጥፈዋል።

እመቤት_ነኝ

ጤና ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ልገዛ ነው። አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር እብጠት ይወጣበታል፣ ጺሙ በጣም ጥቅልል ነው። ጠንካራ ብሩሽ አይብስበትም? ወይስ ጺሙን ያነሣዋል የሚባለው እውነት ነው?

የጸጉር_ቤት_ልጅ

እህቴ፣ ሁለቱም እውነት አለው። እብጠቱ የሚመጣው ከተላጨ በኋላ ጥቅልሉ ጺም ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ነው። ብሩሽ ለብ ባለ አረፋ ጺሙን ያለሰልሰዋል፣ የተኛውንም በመጠኑ ያነሣዋል፤ ያ ይጠቅማል። ያልተሟሸ የአሳማ ብሩሽ ግን እብጠቱ ያለበትን ቆዳ ይቧጭራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል መዳፍ ላይ ይሟሽ። ፊቱ ላይ ሲጀምር ጉንጩን በክብ፣ አንገቱን ግን እንደ ቀለም ቀቢ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ። አረፋው ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ምላጩ ባለ አንድ ስለት ይሁን፣ ጺሙ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ይላጭ፣ ቆዳውን ወጥሮ አይሳብ። ቆዳ ሲወጠር ጺሙ ከቆዳ በታች ይቆረጥና ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። እብጠቱ መግል ከያዘ ደግሞ እስኪድን አይላጭ፣ ለቆዳ ሐኪም ያሳይ።

እመቤት_ነኝ

እግዜር ይስጥልኝ። የትኛውን ልግዛ ታዲያ? ስለ ኦሜጋ ብቻ ነው የምታወሩት።

ዴራ_ነዋሪ

ኦሜጋ የሚበዛው በዋጋውና በየቦታው በመገኘቱ ነው፤ ቦሎኛ ያለ ድርጅት ነው፣ በፈረንጅ ከ1931 ጀምሮ። 10048 እና 10049 እጀታቸው ረጅም ነው፣ ለጸጉር አስተካካይ እጅ የታሰቡ ናቸው። ሌላው የፖርቱጋሉ ሴሞግ ነው፣ ከ1955 ጀምሮ፤ 1305 የሚባለው የተቀባ የእንጨት እጀታ አለው፣ ነዶውም ከኦሜጋዎቹ ያጠረ ነው። ያጠረ ነዶ ፊት ላይ አረፋ ለሚመታ ሰው ይመቻል፣ ረጅሙ ሳህን ውስጥ ለሚመታ። እንጨቱ ግን ውሃ ውስጥ አይተኛ፤ ቀለሙ ተሰንጥቆ ውሃ ከገባ እንጨቱ አብጦ ነዶውን ይለቃል።

ለአንገት ችግር ላለበት ሰው ጫፉ የነጣ ጠጉር ያለውን ብትመርጪ ቶሎ ይለሰልሳል። በኬሚካል የነጣ ስለሆነ ዕድሜው ትንሽ ያጥራል፣ ልዩነቱ ያ ነው።

ጀማሪው_ላጭ

የሳሙናውን መጠንና የአረፋውን አመታት በቅደም ተከተል የሚነግረኝ አለ? አርኮው ዱላ ስለሆነ ብሩሹን በየት ነው የምፈትገው?

ጓዳ_ሙያ

አትፈትግበትማ! ዱላ ሳሙና ፊት ላይ ነው የሚታሸው። ፊትህን በሞቀ ውሃ አርጥብ፣ ዱላውን ጺሙ ከሚያድግበት በተቃራኒ እያሻሸህ ጉንጭ፣ አገጭ፣ አንገት ላይ ስስ ሽፋን አድርግ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት አራት ጊዜ በቂ ነው። ከዚያ የጠገበውን ብሩሽ ሁለት ጊዜ አራግፈህ (ሦስተኛው ይበዛል) ፊትህ ላይ በክብ ጀምር። ሠላሳ ሰከንድ ያህል የሚታየው ሊጥ መሳይ ነው። አትደንግጥ። የብሩሹን *ጫፍ ብቻ* ውሃ አስነክተህ ቀጥል። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ።

መቼ ያቆማል? አረፋው እንደ እርጎ ሲያብረቀርቅና ብሩሹን ስታነሣ ጫፉ ታጥፎ ሲቆም። ትልልቅ ዓይን ያለው አረፋ ከሆነ ውሃው በዝቷል ወይም ሳሙናው አንሷል፤ ዱላውን ድገም። ደብዛዛ ሆኖ ቆዳ ላይ ከተለጠፈ ውሃ ጎድሎታል። አዲስ ሰው ባብዛኛው የሚሳሳተው በሁለተኛው ነው፤ የአሳማ ብሩሽ ውሃ ስለሚሰርቅ።

በጣሳ ያለ ጠንካራ ሳሙና ለሚጠቀም፦ አርባ ሰከንድ ያህል ጫን ብሎ መፈተግ። ለክሬም ሁለት የሽንብራ ፍሬ የሚያህል፣ ነዶው መሃል ላይ።

ቬጋስ_ላይ

ኮንዲሽነሩን እነግራለሁ ብለህ ረሳኸው አረፋ_መቺ።

አረፋ_መቺ

ልክ ነህ። ኮንዲሽነር ጠጉሩን ያለሰልሳል፣ ውሸት አይደለም። ግን የሚያለሰልሰው ቅባትነት ያለው ሽፋን አልብሶት ነው፤ ያ ሽፋን ሳሙናን ይቃረናል። በኤሌክትሪክ ሙላቱ የሳሙናው ተቃራኒ ስለሆነ ሲገናኙ ይያያዙና አረፋው ይሞታል። ሲሊኮን ያለበት ከሆነማ ሲሊኮን ራሱ አረፋ ማጥፊያ ሆኖ ፋብሪካ ውስጥ የሚያገለግል ነገር ነው። ልስላሴው በሁለት እጥበት ይሄዳል፣ የተሟሸ ጫፍ ግን አይሄድም።

የቦሌ_መስታወት

አደራረቁ ላይ የሚጣላ የለም? አናቱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው ወይስ ቆሞ?

ዴራ_ነዋሪ

ተንጠልጥሎ። ውሃው ወደ ሙጫው እንዳይወርድ።

አረፋ_መቺ

ቆሞም ያው ነው። በደንብ ከተራገፈ በኋላ የቀረው ውሃ ጠጉሮቹ መሃል ተጣብቆ የተያዘ ነው፣ እንደ ዝናብ አይወርድም፤ የሚወጣው በንፋስ ነው። ስለዚህ አቀማመጡን ተወውና ቦታውን አስብ። የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ ከሚውል መስኮት ዳር ቆሞ የዋለ ይሻላል።

ዴራ_ነዋሪ

ተንጠልጣይ ማንጠልጠያዬን አልመልስም 😄

ጓዳ_ሙያ

ወቅቱንም ጨምሩበት። አዲስ አበባ በበጋ አንድ ቀን ይበቃዋል። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሁለት ቀንም ላይበቃ ይችላል። በየቀኑ የሚላጭ ሰው ሁለት ርካሽ ብሩሽ ገዝቶ ያፈራርቅ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይደርቃል። ሁለቱም አብረው ይሟሻሉ፣ ዕድሜአቸውም ይረዝማል።

ነዶው ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሻጋታ ነው። እርጥብ ብሩሽ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ሲያድር ይመጣል። ሥሩ ላይ ከገባ አይጸዳም፣ ይጣል። ለጉዞ ቀዳዳ ያለው ማሸጊያ ተጠቀሙ።

ጀማሪው_ላጭ

አንድ የመጨረሻ። እጀታው ውስጥ ነዶው በትንሹ ይነቃነቃል፣ ዛሬ ነው የታየው። ይህም መሟሸት ነው እንዳትሉኝ።

አረፋ_መቺ

አይደለም 😄 ነዶውን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ሙጫ ለቋል። ገና አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ሻጩ እንዲለውጥልህ ሞክር። ካልሆነ ይጠገናል፤ ነዶው ራሱ እስካልተበተነ ድረስ።

ይዘህ ቀስ እያወዛወዝክ አውጣው። ጠጉሩን አትሳብ፣ ከሥር ያለውን የሙጫ ድብልብል ያዝ። ሁለት ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ እርጥብ ላይ ሙጫ አይይዝም። የእጀታውን ጉድጓድና የድብልብሉን ጎን በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ አቧራውን ጥረግ። ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ እኩል በእኩል ቀላቅለህ ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ፣ የሽንብራ ያህል፣ አድርግ። ብዙ ካደረግህ ነዶውን ስትጫን ወደ ላይ ወጥቶ ጠጉሩን ያጣብቃል፣ ያ ደግሞ አይድንም። ነዶውን ክተት፣ ቀጥ ማለቱን በአራቱም አቅጣጫ እይ፣ ከጠርዙ የወጣ ሙጫ ካለ ሳይደርቅ ጥረግ። ለሃያ አራት ሰዓት አትንካው፣ ውሃ ደግሞ ለሁለት ቀን አይንካው።

ፈጣኑን የጫማ ሙጫ ግን አትጠቀም። ውሃ ሲበዛበት ነጭ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ በወሩ ተመልሰህ እዚሁ ትጠይቃለህ።